ባለ 4 ሽቦ ኢንተርኮም ከነኤሌክትሪክ ቁልፉ፦ ዕቃው ደህና፣ አብሮት የሚመጣው ሽቦ ግን የማይረባ

ባለ 7 ኢንች ስክሪን፣ የውጭ በር ላይ የሚገጠም ካሜራ ከነደወሉ፣ አንድ አዳፕተር፣ አንድ ጥቅል ቀጭን ባለ 4 ሽቦ ኬብልና በላሜራ በር ላይ የሚታሰር ባለ 12 ቮልት ሣጥን ቁልፍ። በአንድ ካርቶን ተጠቃሎ የሚሸጠው ይሄ ነው። የሚለጠፍበት ስም ይለያይ እንጂ ውስጡ ተመሳሳይ ነው። ምስሉ ለዋጋው አያሳፍርም፣ ድምፁም ይሰማል፤ ስለ ሁለቱ ከዚህ በላይ የሚባል የለም። ሰውን የሚያማርረው በር የመክፈቱ ነገር ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን መክፈቻ ይጫናሉ፣ ውጭ «ጠቅ» ይላል፣ በሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ቁልፉ ተበላሽቷል ተብሎ ሌላ ይገዛል፤ እሱም «ጠቅ» ብሎ ይቀራል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሽቦው ነው። ሣጥን ቁልፍ በሚከፍትባት ቅጽበት እስከ 3 አምፔር ይስባል፤ ስለዚህ የውስጥ ጥቅልሉ 4 ኦም ገደማ ነው ማለት ነው። ከሳሎን እስከ ግቢ በር 30 ሜትር ቢሆን ኤሌክትሪኩ ሄዶ ሲመለስ 60 ሜትር ይሆናል። በዚህ ርቀት የኔትወርክ ኬብል አንድ ጥንድ ብቻውን 5 ኦም ስለሚሆን ከ12 ቮልቱ ቁልፉ ጋ የሚደርሰው 5 ከምናምን ነው። በ0.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 8 ቮልት አካባቢ፣ በ1.5 ደግሞ ከ10 በላይ ይደርሳል። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ኬብል ለምስልና ለድምፅ ይበቃል፤ ቁልፍ እንዲያንቀሳቅስ ግን አይጠበቅበትም። ለቁልፉ ለብቻው ባለ 1.5 ሁለት ሽቦ መዘርጋት ነው። ቱቦው ከመቀበሩ በፊት ቢታሰብበት ደግሞ ግቢ ከመቆፈር ያድናል።

ሁለተኛው ጉድለት ኃይሉ ነው። አብሮ የሚመጣው አዳፕተር ስክሪኑንና ካሜራውን እንዲያበራ የተለካ ስለሆነ ቁልፉ ሲስብ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ለቁልፉ የራሱ ባለ 12 ቮልት 5 አምፔር ፓወር ሰፕላይ ቤት ውስጥ ይቀመጥለት፤ 220 ቮልት እስከ ግቢ በር መውሰድ ግን አያስፈልግም፣ ዝናብም አለ።

ከማገናኘቱ በፊት የውጭው ካሜራ የቁልፍ መውጫ (የቁልፉ ሁለት ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ) ምን ዓይነት እንደሆነ በቴስተር ይታይ። ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጎ፣ ሰው ውስጥ ሆኖ መክፈቻውን ሲጫን 12 ቮልት አካባቢ ብቅ ካለ መውጫው ራሱ ኃይል ይሰጣል። ምንም ካላሳየ ቴስተሩን ሁለት ጫፍ ሲገናኝ ወደሚጮኸው ቦታ ማዞር ነው፤ ሲጫኑ ከጮኸ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚዘጋ ደረቅ መገናኛ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ባለ 12 ቮልት ሬሌይ (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን የሚያገናኝ ማብሪያ) ያነሳል፤ ሁለተኛው አምፔሩን ከቻለ በቀጥታ ይሠራል፣ ካልቻለ እሱም ሬሌይ ይፈልጋል። ሬሌዩ ላይ የፓወር ሰፕላዩ ፕላስ ወደ «ኮም» (የጋራው ጫፍ)፣ ከ«ኤንኦ» (ሲታዘዝ ብቻ ከሚገናኘው) ወደ ቁልፉ፣ የቁልፉ ሌላኛው ጫፍ ወደ ማይነስ። በስህተት ሳይታዘዝም ተገናኝቶ በሚቆየው «ኤንሲ» ላይ ከታሰረ ቁልፉ ሳያቋርጥ ይስባል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ሣጥን ቁልፍ ከ1 ሰከንድ በላይ ኃይል አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ብዙ ገጣሚ የሚዘላት ትንሽ ዕቃ አለች፦ 1ኤን4007 ዳዮድ፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ። በቁልፉ ሁለት ጫፎች ላይ፣ ነጩ መስመር ወደ ፕላስ ዞሮ ትታሰራለች። ጥቅልሉ ኃይል ሲቋረጥበት የሚረጨውን ከፍተኛ ቮልቴጅ እሷ ትውጠዋለች፤ ከሌለች የሬሌዩ መገናኛ ቀስ በቀስ ይጠቁራል፣ አንድ ቀን ተጣብቆ ይቀራል። ገልብጦ ያሰራት ግን ሾርት ያደርጋል፤ ለዚህም ፕላሱ ላይ ፊዩዝ ይግባ።

የሣጥን ቁልፉን ጠባይ ሻጭ አይናገርም። በሩ ሲዘጋ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ይወጠራል፤ ኤሌክትሪኩ የሚሠራው የተወጠረውን መልቀቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ከፍተውለት እንግዳው በሩን ሳይገፋ ቢሄድ፣ በሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ ሳይቆለፍ ያድራል። ዘበኛ ለሌለው ግቢ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሌላው ደግሞ ቁልፉ የሚታሰረው ተንቀሳቃሹ በር ላይ በመሆኑ ሽቦው በማጠፊያው በኩል ያልፋል፤ ደረቅ ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ ከሆነ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ይበጠሳል። ብዙ ክር ያለው ለስላሳ ሽቦ፣ ትንሽ ላላ ተደርጎ፣ በተጣጣፊ ብረት ቱቦ ውስጥ ይለፍ።

ከሁለቱም የሚያድነው መቃኑ ላይ የሚገጠመውና የመደበኛውን ቁልፍ ምላስ የሚለቀው ስትራይክ ነው። ሽቦው አይንቀሳቀስም፣ ኃይል ሲቋረጥ ወዲያው መልሶ ይይዛል፣ የሚስበውም በጣም ያነሰ ነው። የመክፈቻው ጊዜ 3 ወይም 5 ሰከንድ ላይ ይደረጋል። በኤሲ ሲሠራ የሚንጫጫው ድምፅ በዲሲ የለም። ችግሩ ልኬት አይምርም፤ መቃኑ በብየዳ ተቀዶ ነው የሚገባው፣ በሩ በማጠፊያው ላይ ትንሽ ከወረደም ምላሱ ስትራይኩን እየገፋ ያንቀዋል። መክፈቻው ተይዞ በሩ ወደሚዘጋበት አቅጣጫ ሲገፋ ብቻ የሚለቅ ከሆነ ምክንያቱ ይሄው ነው፤ መድኃኒቱም ማጠፊያውን ማስተካከል እንጂ ቮልት መጨመር አይደለም። በያጁ ሥራውን ሳይጨርስ ደግሞ ስትራይኩም ካሜራውም አይታሰሩ።

ለመብራት መጥፋት፣ ሲጠፋ ተቆልፎ የሚቀረውን ስትራይክ መምረጥ ነው፤ ሲጠፋ የሚከፈተው ግቢውን ክፍት ይተዋል፣ መብራት እያለም ሌት ተቀን ይስባል። ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ የሚቀበል ፓወር ሰፕላይ ቢገዛ ጥሩ ነው። ስክሪኑም በ12 ቮልት የሚሠራ ከሆነ ከዚያው ይመገባል፤ 0.3 አምፔር ቢወስድ ወደ 20 ሰዓት ያቆየዋል። አዳፕተሩ ላይ 15 ወይም 18 ቮልት የተጻፈበት ስክሪን ግን ከዚህ አይቀጠል።

ትልቁ ቅሬታችን ደኅንነቱ ላይ ነው። የቁልፉ ሁለት ሽቦዎች የሚወጡት ከውጭው ካሜራ ጀርባ ነው። ካቻቢቴ የያዘ ሰው ካሜራውን ፈትቶ፣ መውጫው ደረቅ ከሆነ ሁለቱን ሽቦ ቢያነካካ በሩ ይከፈታል። ሬሌዩን ቤት ውስጥ ማስገባትም አያድንም፣ የሚያዘው ሽቦ ያው ውጭ ነውና። የቁልፍ መውጫው ከውስጥ ስክሪኑ ጀርባ የሆነ ሞዴል ካለ ጥቂት ብር ጨምሮ እሱን መውሰድ ይሻላል፤ ሱቁ ውስጥ ስክሪኑን ገልብጦ ማየት ብቻ ይበቃል።

ስብስቡን ከነጉድለቱ እንግዛ ካልን የምንገዛው ስክሪኑንና ካሜራውን ብለን ነው። ከሱቁ ሳይወጣ ታዲያ ቁልፉ ግቢው በሚፈልገው ርዝመት ሽቦ ታስሮ አሥር ጊዜ ይሞከር፤ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ሜትር ሽቦማ የማይከፍት ቁልፍ የለም።