እማዬን ከወንበሯ ብድግ ላደረጓት ልጆች

ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ከተማ ሱቅ ከፍቼ መኖር ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ከዙሉዎች ጋር ስውል ስገባ፣ ዘፈናቸውን ግን ከሚኒባስ ታክሲ ስፒከር ውጪ በቅጡ ሰምቼው አላውቅም ነበር። በቅርቡ እማዬ ከደሴ ልትጠይቀኝ መጣች። ባሕሩ አንድ ቀን በቃት። «ውሃውን አየሁ፣ የአገሩን ሰው አሳየኝ እንጂ» አለችኝ።

በራሷ መኪና የምታስጎበኝ አንዲት የዙሉ ሴት ደንበኛዬ ናት፤ ለሷ ነገርኳት። በጠዋት መጥታ ኢሳንድልዋና ወሰደችን። በፈረንጆቹ ጥር 22 ቀን 1879 የዙሉ ጦር እንግሊዞችን ድል ያደረገበት ቦታ ነው፤ ከዓድዋ 17 ዓመት ይቀድማል። የእንግሊዝ ወታደሮች የተቀበሩበት ነጭ የድንጋይ ክምር ሜዳው ላይ እዚህም እዚያም ይታያል። እማዬ አማተበችና «እነዚህም እኮ እናት ነበራቸው» አለች።

ምስጋናዬ ግን ከዚያ በኋላ ለሆነው ነው። አስጎብኚያችን አስቀድማ ተነጋግራ ስለነበር፣ በአቅራቢያው ካለ ትምህርት ቤት ልጆቹ ከክፍል ወጥተው ጠበቁን። ወገባቸው ላይ ቆዳ፣ አንገታቸው ላይ ጨሌ፤ አንዱ የትምህርት ቤት ካልሲውን ማውለቅ ረስቷል። «ሳኒቦናኒ፣ ጎጎ!» አሏት እማዬን። ጎጎ አያት ማለት ነው። «ሳዉቦና» ለአንድ ሰው፣ «ሳኒቦናኒ» ለብዙ ሰው ወይም ለታላቅ፤ ልክ እንደ እኛ አንቱታ።

ከበሮው ተመታ። እንድላሙ የሚሉት ጭፈራ ነው፤ እግር ከራስ በላይ ይነሳና መሬቱን ይደልቀዋል። እኛ በትከሻ የምንጨርሰውን እነሱ በእግር ይጨርሱታል። ባለካልሲው ልጅ እግሩን አነሳ፣ ደለቀ፣ ከዚያ በጀርባው ዘፍ አለ። እማዬ «እኔን ልጄን!» ብላ ከወንበሯ ተነስታ ሮጠች። ልጁ መሬት ላይ እንደተንጋለለ ቀና ብሎ ሳቀባት። ለካስ አወዳደቁም የጭፈራው ክፍል ኖሯል! ቀጣዩም ወደቀ፤ ሦስተኛው ሆን ብሎ እግሯ ሥር ወደቀላት። እማዬ በሳቅ ስትፈነዳ ቆይታ እልልታዋን አቀለጠችው። የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳዮች ከኩሽና ደጃፍ ሆነው በራሳቸው እልልታ መለሱላት። ይሄንን ማንም አላዘጋጀውም።

አንዲት ቀጭን ልጅ እያወጣች ሌሎቹ የሚቀበሏት ዘፈንም ነበር። የጦርነት ዘፈን መስሎኝ ትርጉሙን ስጠይቅ፣ ዝናብ ሲዘንብ ወንዙ ሞልቶ ትምህርት ቤት እንደሚያረፍዱ ነው የሚሉት፤ ዜማው የአያቶቻቸው፣ ግጥሙ የራሳቸው። አስጎብኚያችን እማዬ ጆሮ ሥር ሆና በእንግሊዝኛ ትነግረኛለች፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ ዘፈኑን አንዴም አላቋረጠችም። ከዚህ በፊት የከፈልኩበት ሌላ አስጎብኚ ሰዓቱን እያየ ያጣድፈኝ ስለነበር፣ ልዩነቱ ገብቶኛል።

ለመሄድ የምታስቡ፦ ክፍያው ለትምህርት ቤቱ ነው፤ ለልጆቹ በእጅ ገንዘብም ከረሜላም አትስጡ። ደብተርና እስክሪብቶ ከያዛችሁ ለመምህራቸው አስረክቡ። ለገና ዘመድ የሚመጣላችሁ ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ትምህርት ቤት እንደሚዘጋ አትርሱ። የመጨረሻው መንገድ ፒስታ ነው፣ ለወገብ አይመችም፤ ከደርባን በጠዋት ካልወጣችሁ አትደርሱም።

የአስጎብኚዋን ስልክ ለምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ እሷን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።