ከአሥራ አራት ወር በኋላ፦ በጓሮዬ የሠራሁት የሪሞት መኪና መም

ጥፋቴን አስቀድሜ ልናገር፦ ይህን መም የሠራሁት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው አራት ወር አልሞላውም። መጋቢት ላይ ከልጄ ጋር ሆነን በሦስት ቅዳሜና እሑድ ገነባነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ የወረደ ነጎድጓዳማ ዝናብ ጉብታዎቹን ንዶ ግማሹን አፈር በአጥሩ ሥር አሳለፈና ጎረቤቴ ሣር ላይ አስተኛው። እዚህ የምገመግመው ሁለተኛውን ነው። ካለፈው ዓመት ጥቅምት እስከ ዘንድሮ ታኅሣሥ ድረስ አገልግሏል፤ ትናንትም ተነድቶበታል።

የምንኖረው ከአትላንታ በስተምሥራቅ፣ ስቶን ማውንቴን አካባቢ ነው። በዚህ ሰፈር እንጀራ ለመግዛት አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ የሪሞት መኪና በአፈር ላይ ለመንዳት ግን ሩቅ መሄድ ያስፈልጋል። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የቤት ውስጥ መም ደግሞ ምንጣፍ የተነጠፈበት ነው። ምንጣፍ ንጹሕ ነው፤ ጠዋትም ማታም አንድ ዓይነት ነው። የእኔና የልጄ ችግር እዚያ ላይ ነበር። በምንጣፍ ላይ አንድ ጊዜ የለመድከው ኩርባ ሁልጊዜ ያው ኩርባ ነው። አፈር ግን በየሰዓቱ ጠባዩን ይቀይራል። ይህ ስፖርት ሲጀመርም የአፈር ስፖርት ነበር፤ በ1985 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዴል ማር የተካሄደው የመጀመሪያው የአንድ አሥረኛ መጠን የኤሌክትሪክ መኪኖች የዓለም ሻምፒዮና የተነዳው በአፈር ላይ ነው።

ስለ መኪናው በአጭሩ፦ ከእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ የሚያህል፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ፣ በባትሪ የሚሠራ ፒክአፕ መሰል ነው። ባትሪው ባለ ሁለት ሴል፣ 7.4 ቮልት ሊቲየም ፖሊመር ነው። ወደ ዝርዝሩ እመለሳለሁ፤ የገንዘቤና የጉልበቴ ታሪክ ግን የአፈሩ ታሪክ ነው።

በመጀመሪያው ሥራ የፈጸምኩት ስሕተት ብዙ ነው። ሣሩን ላጥ አድርጌ፣ ሥር የሞላበትን ጥቁሩን የላይ አፈር እዚያው ትቼ በላዩ ላይ ገነባሁ። አፈሩ ጭቃ እንዳይሆን ብዬ አሸዋ ቀላቀልኩበት፤ አሸዋው ያለውን መያያዝ ፈታው። መሙ ለመኪናው እንዲመች ብዬ ደልዳላ አደረግሁት፤ ለውሃው ደግሞ ከዚያ የበለጠ መኝታ አልነበረም። ጉብታዎቹን ያቆምኩት አፈሩን በአካፋ ቆልዬ በጀርባው መታ መታ በማድረግ ነበር። ቁመታቸው 40 ሴንቲ ሜትር፣ መውጫቸው 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለነበር መኪናው አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ይበርና በጀርባው ይወድቃል። ልጄ በጣም ወዶት ነበር። ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘውን ክንድ እየተሰበረ የምገዛው ግን እኔ ነኝ።

ስለ ዝናቡም በቂ አላሰብኩም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ዝናብ ወቅት ያለው ነገር ይመስለዋል፤ ክረምቱ ይወጣል፣ ከዚያ ምድር ታርፋለች። አትላንታ በዓመት የሚዘንበው ከአዲስ አበባው ብዙ የራቀ አይደለም፤ ሁለቱም ከሺህ ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱ የዚህኛው በአሥራ ሁለቱም ወር መከፋፈሉ ነው። እዚህ በጋ የሚባል የዕረፍት ጊዜ የለም። መሙ ዝናብን መቋቋም ያለበት ዓመቱን በሙሉ ነው።

መስከረም ላይ አባቴ ሊጠይቁን መጡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ምንጃር ላይ ጤፍ ያረሱ ሰው ናቸው። በማግስቱ ጠዋት ጋቢያቸውን ደርበው ጓሮ ወጡና ፍርስራሹን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የመኪና መንገድ ነበር፣ አባባ።»

«አውድማ ነው እንጂ። አውድማ ደግሞ እንዲህ አይሠራም።»

ለወራት የተመለከትኳቸው ቪዲዮዎች ሁሉ ያልነገሩኝን በአንድ ሳምንት ተማርኩ። አባቴ የጨበጡትን አፈር እያሳዩኝ እንዲህ አሉኝ፦ ከተፈረካከሰ ውሃ ይቀረዋል፤ መዳፍህን ካረጠበ በዝቶበታል፤ ቅርጹን ይዞ ቆይቶ በአውራ ጣትህ ስትጫነው ለሁለት ከተሰነጠቀ ያን ጊዜ ጠቅጥቀው። ኢንጂነሮች ይህንኑ ነጥብ ለማግኘት ፕሮክተር የሚባል የላቦራቶሪ ሙከራ አላቸው፤ ከ1933 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው። አባቴ ስለ ፕሮክተር ሰምተው አያውቁም።

የገረማቸው የአፈሩ ጠባይ ነው። የእርሳቸው ዋልካ ክረምት ላይ እግር ይይዛል፤ በጋ ላይ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የጆርጂያ ቀይ አፈር ግን ሲደርቅ የፀጉር ያህል ቢሰነጠቅ ነው። ምክንያቱ የሸክላው ዓይነት ነው፤ የዋልካው ሸክላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የዚህኛው በአብዛኛው ካኦሊን የሚባለው ወገን ስለሆነ እምብዛም አያብጥም። ቀይ ያደረገው ብረቱ ነው። ስለዚህ ለመም የሚሆን አፈር ፍለጋ የጭነት መኪና መከራየት አላስፈለገኝም፤ ከሣሩ በታች አሥር ሴንቲ ሜትር ላይ ተኝቶ ይጠብቀኝ ነበር።

ሁለተኛው ሥራ እንዲህ ሄደ። መጀመሪያ 811 ደወልኩ፤ በአሜሪካ መሬት ከመቆፈር በፊት የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመር የት እንዳለ በነጻ መጥተው ምልክት ያደርጉልሃል። በመጋቢቱ ሥራ ይህን አለማድረጌን ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል። ከዚያ 18 በ12 ሜትር የሆነውን ቦታ የላይኛውን አፈር ሙሉ በሙሉ አንስተን ለባለቤቴ የጎመን መደብ ሰጠን። ቦታውን በአጭሩ ጎን በየሜትሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር አዘቀዘቅነው፤ ከዳር እስከ ዳር 24 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ዓይን አያየውም፤ ውሃ ግን ያየዋል። ቀዩን አፈር በወንፊት እየነፋን፣ አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር እየደለደልን፣ እያረጠብን ጠቀጠቅነው። ለሰፊው ሜዳ የመጠቅጠቂያ ማሽን ለአንድ ቀን ተከራየሁ፤ ለጉብታዎቹ የእጅ መጠቅጠቂያ በቂ ነው። እበት ብቻ ነው የቀረን። አባቴ «ላም የሌለበት አገር» ብለው አዘኑ።

መንገዱ 45 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ከ80 ስፋት አለው። ዳርና ዳሩን ያጠርኩት ለውሃ ማፋሰሻ በሚያገለግለው ሽንትርትር ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ አሥር ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ሠላሳ ሜትር የሚሆን ጥቅል፣ ሦስት ጥቅል በቃኝ። እንጨት ብጠቀም መኪናው ይሰበር ነበር፤ ቱቦው ግን ይመታና ይመልሰዋል። ከሁሉም ግዢዬ ያለ አንዳች ቅሬታ የማመሰግነው ይህን ቱቦ ነው። ጉብታዎቹ አሁን 25 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ 1 ሜትር ከ20 መውጫ፣ ሁለት ሜትር መውረጃ አላቸው። መኪናው ሜዳ ላይ ሳይሆን ቁልቁለት ላይ ሲያርፍ የክንድ ስብራት ከሞላ ጎደል ቀረ።

ለመሥሪያው በጠቅላላ የከፈልኩት 415 ዶላር ነው፦ ቱቦው 225፣ ማሽኑ 85፣ መሸፈኛ ሸራው 60፣ የእጅ መጠቅጠቂያው 45። የሁለት ሰው ወገብ ሕመም አልተካተተም።

ጥገናው ግን ማስታወቂያ ላይ የማይጻፍ ነው። በማስታወሻ ደብተሬ መሠረት ለአንድ ሰዓት መንዳት አርባ ደቂቃ ያህል መሥራት አለ። ውሃ የማጠጣው ከመንዳታችን በፊት ሳይሆን በዋዜማው ማታ ነው፤ በመንገዱ ላይ ብቻ 160 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ሚሊ ሜትር የሚሆን ዝናብ። ሌሊቱን ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጠዋት ላይ ከላይ ደረቅ፣ ከሥር ርጥብ ሆኖ ጎማ ይይዛል። ጠዋት ያጠጣሁ ቀን የላዩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጭቃ ሆኖ በቸርኬው ውስጥ ይጋገራል። ከመንዳት በኋላ በኩርባዎቹ ዳር የሚጠራቀመውን ልቅ አፈር እንጠርጋለን፤ ካልተጠረገ በሚቀጥለው ዝናብ ቀይ ወንዝ ነው። ጉድጓድ ሲወጣ አፈር ጣል አድርጎ መርገጥ ዋጋ የለውም፤ ተቀርፎ ይነሣል። ዳሩን በቀጥታ ቆርጦ፣ ግድግዳውን አርጥቦ፣ ተመሳሳይ አፈር ሞልቶ መጠቅጠቅና ለአንድ ሌሊት በርጥብ ጆንያ መሸፈን ያስፈልጋል። ይህንንም ከአባቴ ነው የተማርኩት።

ጥር ላይ ውርጩ መጣ። ሌሊት ከዜሮ በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ እንደ መርፌ ወደ ላይ ያድጋል፤ ጠዋት ላይ መንገዱ የተነፋ ዳቦ መስሎ አየሁት። የመጀመሪያ ቀን ደንግጬ ስሄድበት ቅርፊቱ ሁሉ ተፈረፈረ። ትክክለኛው ነገር እስኪቀልጥና እስኪጠነፍፍ ድረስ አለመንካት፣ ከዚያ መልሶ መጠቅጠቅ ነው። ሸራ ማልበስ ውርጩን ይቀንሳል፤ ከአንድ ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ከሥሩ አረንጓዴ ሻጋታ ያበቅላል።

የሙቀቱ ወራት ደግሞ የራሳቸው ጠላቶች አሏቸው። በዚህ አገር ጓሮ ሁሉ የሚዘራው ሣር የእኛው ሰርዶ ነው፤ በቱቦው ሥር ሾልኮ በአንድ ሳምንት ግማሽ ሜትር ይገባል። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ እዚህ ብትመጣ ትበሳጭ ነበር። በትልቁ ጉብታ መውረጃ ላይ የሚናደፈው ቀይ ጉንዳን ሁለት ጊዜ ኩይሳ ሠርቷል። ልጄ በካልሲው ወጥቶ ካወቀው በኋላ ጫማ ሳያደርግ አይወጣም።

አቧራ ለመግታት ግንቦት ላይ ካልሲየም ክሎራይድ ረጨሁ። ከአየር ላይ እርጥበት የሚስብ ጨው ነው፤ አስፋልት ባልተነጠፈባቸው መንገዶች ላይ ይጠቀሙበታል። እውነቱን ለመናገር በርጥቡ የጆርጂያ አየር የመጀመሪያዎቹ ሰባት ሳምንታት ተአምር ነበር፤ መንገዱ የጠቆረ፣ የጠነከረ፣ አቧራ አልባ ሆነ፤ የውሃ ሥራዬ በግማሽ ቀነሰ። ከዚያ ሒሳቡ መጣ። ስድስት ኩሽኔታ ዝጎ ቀረ፤ የሻንሲው ብሎኖች በካቻቪቴ የማይነቃነቁ ሆኑ፤ በዝቅተኛው ዳር ያለው ሣር ሦስት ሜትር ያህል ተቃጠለ። በሐምሌ ዝናብ ጨው ሁሉ ታጥቦ ሄደ። ሰርዶው ላይ ግን ምንም አላደረገም። ሁለተኛ አልገዛም።

አሁን ወደ መኪናው። ፋብሪካው «ውሃ አያስገባም» ያለው የመሪ ሞተር በአምስተኛው ወር ሞተ፤ ውሃ ሳይሆን ደቃቅ ቀይ አቧራ ነው የገደለው ብዬ አምናለሁ፤ ስከፍተው ውስጡ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ዋስትናው አቧራን አይሸፍንም ተባልኩ። አሞርዛተሮቹ በየሁለት ወሩ ዘይት መቀየር ይፈልጋሉ። ጎማ በተመለከተ መጀመሪያ ትልልቅ ጥርስ ያለውን ገዝቼ መንገዴን አረስኩት፤ ልስልስ ያለውና ትንንሽ ነጠብጣብ ያለው ይበልጥ ይይዛል፣ መንገዱንም አይጎዳም። ባትሪውን ሞልቼ ለሳምንታት ማስቀመጥ አቁሜያለሁ፤ በየሴሉ 3.8 ቮልት ላይ አድርጌ እሳት በማያስተላልፍ ከረጢት ውስጥ ጋራዥ አኖረዋለሁ። ከሦስቱ ባትሪዎች አንዱ ያበጠው ይህን ከመልመዴ በፊት ነው።

ጎረቤት ነገር ያሳስበኝ ነበር። ድምፅ ችግር አልሆነም፤ የኤሌክትሪክ መኪና ከሣር ማጨጃ በብዙ ዝቅ ያለ ነው። የመጣው አቧራ ነው። ነሐሴ ላይ ከሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደብዳቤ ደረሰን፤ ነጭ አጥር ቀይ ሆኗል ይላል። አጥሩን አጥቤ፣ በዚያ በኩል ቁጥቋጦ ተክዬ፣ በነፋስ ቀን አለመንዳትን ሕግ አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም።

ይህን እንዲሠራ የማልመክረው ሰው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው ነው። መሙ ማክሰኞ ማታም ይፈልግሃል። ጓሮው አሸዋማ የሆነ ሰው ደግሞ አፈር በጭነት ማስመጣት ስለሚኖርበት ወጪው በብዙ ይለወጣል። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ መንዳቱን ያህል መጠቅጠቁን ይወድዳል ብል ግን ውሸት ይሆናል። አካፋ የሚያነሣው ጓደኞቹ ሲመጡ ነው። በመጪው የካቲት ሦስተኛውን ጉብታ አፍርሼ ወደ ግራ ላዞረው አስቤያለሁ፤ ውሃ የሚቋጥርብኝ ብቸኛ ቦታ ከእርሱ ጀርባ ነው።

አባቴ እዚህ በነበሩበት ስድስት ወር መቆጣጠሪያውን አንድ ጊዜም አልያዙም። ማታ ማታ ውሃ ማጠጣቱን ግን ለማንም አልሰጡም። መጋቢት ላይ ወደ ምንጃር ከተመለሱ ወዲህ እሑድ እሑድ እደውልላቸዋለሁ። የልጆቹን ደህንነት ጠይቀው ሲጨርሱ ስለ አውድማው ያነሣሉ፤ ዘነበ ወይ፣ ሰነጠቀ ወይ፣ ውሃው ወዴት ሄደ ይላሉ። ሁሉንም በዝርዝር እነግራቸዋለሁ። በመጨረሻም ሳይስቁ ይጠይቁኛል፦

«ለመሆኑ እስካሁን ምን ወቃችሁበት?»