የ1000 ዋቱ ማሽን እና የአባይ ማዶው ጋሼ

ባሕር ዳሮች፣ ዛሬ የምጽፈው ለማመስገን ነው። የቤት ድምፅ ማሽን ልገዛ ነው የሚል ካለም ሳይከፍል ያንብበው።

ባለፈው የእህቴ መልስ ነበር። ለቤት የገዛሁትን ሪሲቨር ግቢ አወጣሁት። ሪሲቨር ስል የዲሹን አይደለም፤ ስፒከር የሚሰካበትን አምፕሊፋየር ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «1000 ዋት» ይላል። ሰፈሩን ያናውጠዋል ብዬ ለዘመድ ሁሉ አውርቻለሁ። ጭፈራው ሲደምቅ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። መሰንጠቅ ጀመረ። እስክስታ ላይ የነበሩት አክስቴ ቆም ብለው «ይሄ ነገር ጉንፋን ይዞታል እንዴ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ የታየኝ ገንዘቤ ነው።

ተበላሽቷል ብዬ በማግስቱ በባጃጅ ጭኜው የአባይን ድልድይ ተሻገርኩ። እዚያ አንዲት ጠባብ የጥገና ቤት አለች፤ አሮጌ ቴፕና ቲቪ እስከ በሯ ተደርድሮባታል። ባለቤቷን ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ስሜን አትጥራ ስላሉኝ እኔም በዚሁ ልቀጥል።

ይፈቱታል ብዬ ስጠብቅ መነጽራቸውን አድርገው ጀርባውን አነበቡ። 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 90 ዋት። «ልጄ፣ ከሶኬት 90 የሚበላ 1000 ከየት አምጥቶ ይሰጥሃል?» መልስ አጣሁ። የጀርባው ቁጥርም ቁርጥ ያለ ልክ አይደለም አሉኝ፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ያጠራቀሙትን ለቅጽበት ሊለቁት ይችላሉ። ካርቶን ላይ «ፒኤምፒኦ» የሚባለው ከዚያች ቅጽበት ተነስቶ እንደ ልብ የሚነፋ ቁጥር ነው። ሳይቋረጥ የሚሰጠው፣ «አርኤምኤስ» የሚሉት፣ ሌላ ነው።

ከዚያ ለኩልኝ። በስፒከሮቹ ፈንታ በሁለቱም ቻናል፣ ማለትም በግራና በቀኝ መውጫው፣ ባለ 8 ኦም ትልልቅ ሬዚስተር አሰሩ፤ ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚቀይር ዕቃ ነው፣ ኦም ደግሞ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት ልክ። ከስልካቸው አንድ ወጥ የ1000 ኸርዝ ድምፅ ለቀቁ። ስፒከር ስለሌለ ምንም አይሰማም። ሞገዱን በስክሪን በሚያሳየው አሮጌ ኦሲሎስኮፕ ላይ ግን አረንጓዴው ሞገድ ቁልፉን ባዞሩት ቁጥር አደገ፣ አደገ፣ ድንገት ጫፉ በመቀስ የተቆረጠ መሰለ። «አክስትህ ጉንፋን ያሉት ይሄን ነው» አሉ። ትንሽ ቀነሱለትና ቴስተር ደገኑበት። 14 ቮልት። ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ለኦሙ ሲካፈል፣ 14 በ14 ለ8፣ 24 ዋት ተኩል። ሁለቱ ቻናል ተደምሮ 49። ሬዚስተሮቹ እንደ ምጣድ ግለዋል።

ስመ ጥሮቹም ንጹሕ አይደሉም። «በቻናል 100 ዋት» የሚል ባለ 7 ቻናል ሪሲቨር ብዙ ጊዜ የሚለካው ሁለት ቻናል ብቻ እየሠራ ነው። አንዳንዴም በ6 ኦም፣ በ1000 ኸርዝ ብቻ፣ ድምፁ 10 በመቶ እስኪበላሽ ተጭኖ። ሰባቱም አንድ ላይ ሲሠሩ ቁጥሩ ይወርዳል። አሜሪካኖች በዚሁ ማጋነን ተማረው በፈረንጅ 1974 ለማስታወቂያው ደንብ አውጥተውለታል።

እኔ እልህ ይዞኝ ትልቁን ልግዛ አልኩ። መደርደሪያቸው ላይ ነበራቸው፤ ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር። ከለከሉኝ። ዋቱን እጥፍ ብታደርገው የምትጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ነው፤ ጆሮህ «እጥፍ ጮኸ» እንዲል ወደ 10 እጥፍ ዋት ይፈልጋል አሉ። «መጀመሪያ ስፒከርህን እይ።» የኔው በ1 ዋት፣ ከ1 ሜትር ላይ፣ የሚያሰማው 85 ዴሲቤል ነው። 91 የሆነ ከተገኘ፣ ያችው 24 ዋት የ96ን ያህል ትሰማለች። ያገለገለ ጥንድ ፈልጌ ገዛሁ። ለሳሎን ተርፎኛል፤ እንዲያውም ጎረቤት ግድግዳ መደብደብ ጀምሯል።

የሸጠልኝን ሱቅ አልጠራም። ምናልባት እሱም ካርቶኑን አምኖ ይሆናል። ጋሼ ደግሞ «ምን ሠራሁና?» ብለው ሒሳብ አልቀበል አሉ። የሻይ ብዬ ጠረጴዛቸው ላይ ትቼ ሮጥኩ።

ድልድዩን ተሻግራችሁ «ቴፕ ሠሪው ጋሼ» ብትሉ ያሳዩአችኋል። እሑድና በዓል አይገኙም። ማሽኑን ከነስፒከሩ ይዛችሁ ሂዱ። ካርቶኑንም ካልጣላችሁት ውሰዱላቸው፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ያስቃቸዋል።