ዋርካ፣ ሾላ ወይስ ጭብሃ፦ ለኮምቦልቻ ሜዳ የቱን ዛፍ ልግዛ?

አምና ክረምት ኮምቦልቻ ዳር ላለችን ባዶ መሬት «ዋርካ ነው» ተብዬ የገዛሁት ችግኝ ሾላ ሆኖ አረፈው። ሻጩን ብዙም አልወቅስም፤ ቅጠሉን ዳስሼ ባየው ኖሮ አልሸወድም ነበር። የዋርካ ቅጠል ሰፊና ክብ ቢጤ፣ ሲነኩት ሻካራ ነው። የሾላ ቅጠል ረዘም ብሎ ጫፉ ይሾላል፤ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ አለው፤ ለጋው ቀላ ይላል። የጭብሃ ደግሞ አነስ ያለና የሚያብለጨልጭ ነው። «ወተት አለው» የሚል ማስረጃ ግን አይቀበሉ፤ ሦስቱም ሲቆረጡ ነጭ ወተት ያፈሳሉ። ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ይጠንቀቁ።

ሰፊ ሜዳ ካለዎት ዋርካን የሚስተካከል የለም። ቁመቱ 25 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ቅርንጫፉ ግን ወደ ላይ ከመሄድ ይልቅ ወደ ጎን መንሰራፋት ይወዳል። በወሎ ገጠር ሽማግሌ የሚቀመጠው፣ ወዳጃ (የጋራ ጸሎት) የሚደረገው ሥሩ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ችግሩ ጊዜ ነው፦ ዛሬ የተከሉት ዋርካ የልጅዎን ሠርግ ዳስ ያስቀር ይሆናል እንጂ የዘንድሮን ፀሐይ አያስጥልም። ከቤት ቢያንስ 20 ሜትር ያርቁት፤ ሥሩ መሠረትም ቧንቧም አይምርም።

ለቸኮለ ሰው ጭብሃ ይሻላል። ይህን እንዲያውም ባይገዙት ነው የምመክረው። ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ከጎረቤት ለምኖ መትከል በቂ ነው፤ ሥር ያወጣል። ቅጠሉ በበጋ ለከብት መኖ ይሆናል፤ ፍየልም ይህን አሳምራ ስለምታውቅ ማጠር ግድ ነው።

ሾላ ውሃ ይወዳል። ለቦርከና ወንዝ ዳር ወይም ለቦይ አጠገብ መሬት ይሆናል፤ ደረቅ ሜዳ ላይ ይጎሳቆላል። ፍሬው ግንዱ ላይ ተንዠርግጎ ይወጣል። የበሰለውን ሰንጥቀው ቢያዩ ውስጡ ጥቃቅን ተርቦች ያገኛሉ፤ አበባውን የሚያዳቅሉት እነሱ ናቸው። ፍሬው ሲረግፍ ወፍና ዝንብ ስለሚሰበስብ መኪና የሚያቆሙበት ቦታ ላይ አይትከሉት።

ፊከስ እየተባለ ለግቢ ማሳመሪያ የሚሸጠው ከእስያ የመጣ ዝርያ ነው። ለሜዳ አልመርጠውም።

ደሴ ላሉት አንድ ነገር፦ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ደሴ ወደ 2,500 ይጠጋል። ያ ለዋርካም ለጭብሃም የመጨረሻው ጠርዝ ስለሆነ ብርድ የማይመታው፣ ከነፋስ የተከለለ ቦታ ይፈልጉላቸው።

ሲገዙ የፕላስቲኩን ታች ይዩ። ሥሩ ተጠምዝዞ ከተጠቀለለ ችግኙ ቆይቷልና ይተውት። ቁመቱ አያታልልዎ፤ ወፍራም አንገት ያለው አጭሩ ይሻላል።

የኔን ሾላ ነቅዬ ቦይ ዳር ወስጄዋለሁ። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ሁለት የጭብሃ ግንድ ዳር ዳሩን አቆማለሁ፤ ዋርካው፣ ቅጠሉን ዳስሼ የምገዛው፣ መሃል ይገባል።