ለቱርቦ ሞተር የትኛው ካች ካን ይሻላል? ባዶ ጣሳ፣ ማጣሪያ ያለው፣ ባለ ሁለት መውጫ ወይስ ዘይት መላሽ

ካች ካን፣ ማለትም ከሞተሩ የሚወጣውን ጋዝ አሳልፎ የዘይት ጭጋጉን የሚያስቀር ጣሳ፣ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው የጣሳውን መጠንና ቀለም ነው። ውጤቱን የሚወስኑት ግን ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ቱቦው ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚመለስ፣ እና ጋዙ በጣሳው ውስጥ ሲያልፍ ምን እንደሚያጋጥመው። ስለዚህ ከዕቃው በፊት የራስዎን ሞተር የጋዝ መንገድ ይወቁ።

ጤነኛ ሞተርም ቢሆን ከቃጠሎው ጥቂት ጋዝ በፒስቶን ፋሻዎች በኩል ወደ ታች ያመልጣል። ይህ ጋዝ የዘይት ጭጋግ፣ የውሃ እንፋሎትና ያልተቃጠለ ነዳጅ ይዞ ከሞተሩ ሆድ መውጣት አለበት። በቤንዚን ቱርቦ ሞተር ላይ ሁለት መውጫ አለው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ወይም መኪናው ሳይጫን ሲሄድ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ ቫኪዩም ስላለ ጋዙ በፒሲቪ ቫልቭ፣ ማለትም የሞተሩን ሆድ ጋዝ በልክ በሚያሳልፈው ቫልቭ፣ በኩል ወደ ማኒፎልድ ይሳባል። ቱርቦው ግፊት ሲፈጥር ፒሲቪው ይዘጋል፤ ጋዙም በመተንፈሻው ቱቦ ከቱርቦው በፊት ወዳለው የአየር መግቢያ ይሄዳል። ኢንተርኩለር (ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ዕቃ) ውስጥ የሚጠራቀመው ዘይት በአብዛኛው የሚመጣው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። በፒሲቪ በኩል የሚያልፈው ደግሞ ኢንተርኩለሩን ሳይነካ በቀጥታ የመግቢያ ቫልቮቹ ላይ ያርፋል። አንዱን መንገድ ብቻ የሚይዝ ካች ካን የሌላውን ችግር እንደማይፈታ ከወዲሁ ይታወቅ።

ሞተርዎ ያስፈልገዋል?

ቤንዚን በማኒፎልድ በኩል የሚረጭ ሞተር፣ ለምሳሌ የሱባሩ ኢጄ25 ቱርቦ፣ ነዳጁ ራሱ ቫልቮቹን እያጠበ ያልፋል። በእንዲህ ያለው ሞተር ላይ ካች ካን የሚጠቅመው ኢንተርኩለሩ በዘይት እንዳይሸፈንና ወደ ሲሊንደር የሚገባው ዘይት ኖክ (የድብልቁን ያለጊዜው መንደድ) እንዳያመጣ ነው፤ የዘይት ጭጋግ ከቤንዚኑ ጋር ሲቃጠል ኖክ የመቋቋም አቅሙን ይቀንሰዋልና። ነዳጅ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ሞተር፣ እንደ ሱባሩ ኤፍኤ20 ቱርቦ ወይም ቢኤምደብሊው ኤን54፣ ቫልቮቹን የሚያጥብለት የለም። ጭጋጉ ትኩስ ቫልቭ ላይ እየተጋገረ ካርቦን ይሆናል። ከ2017 ሞዴል ጀምሮ እንደ መጣው የፎርድ 3.5 ሊትር ኢኮቡስት በሁለቱም መንገድ የሚረጩ ሞተሮች ላይ የቫልቭ ካርቦን ስጋቱ አነስተኛ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት የኢንተርኩለሩን የታችኛውን ቱቦ ፈትተው ይዩ። ስስ የቅባት ሽፋን የተለመደ ነው። ዘይቱ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን መጀመሪያ ኮምፕሬሽንና የሲሊንደር አየር ማምለጥ ይለካ፤ የቱርቦው ዘንግ መላወሱም ይታይ። ያለቀ ፋሻ ላይ የተገጠመ ካች ካን በሽታውን ደብቆ ያቆያል እንጂ አያድንም።

ባዶ ጣሳ ወይስ ውስጡ የተሠራ

ይህ ንጽጽር አጭር ነው። በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጣ፣ ውስጡ ምንም የሌለው ጣሳ ትልልቆቹን ጠብታዎች ብቻ ይይዛል፤ ጭጋጉ እንዳለ ያልፋል። ጥሩው ጣሳ መግቢያው በቱቦ ወደ ታች ይወርዳል፣ መውጫው ከላይ ነው፣ በመካከላቸው ጋዙ እየተጋጨ የሚያልፍበት ግድግዳና የማይዝግ ብረት መረብ አለው። መረቡ በተበሳ ሳህን ተጣብቆ መያዙን ያረጋግጡ። እንዲሁ የተጠቀጠቀ የብረት ሱፍ ክሩ ሊበጠስ ይችላል፤ የተበጠሰው ክር በቀጥታ ወደ ቱርቦው መሽከርከሪያ ነው የሚሳበው። ከሻጩ ፊት መብራት በመግቢያው ቀዳዳ ያብሩ፤ ብርሃኑ በቀጥታ በመውጫው ከታየ ያንን ዕቃ ይተዉት።

ለዕለት መንገድ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር በቂ ነው። ትልቅ ጣሳ የሚያጠራቅምበትን ጊዜ ያራዝማል እንጂ ማጣራቱን አያሻሽለውም። ለውድድር የሚገዙ ከሆነ የመጠኑን ዝቅተኛ ልክ የሚወስነው የውድድሩ ደንብ ነው።

ወደ አየር የሚለቅ ወይስ ወደ ሞተር የሚመልስ

ትንሽ ማጣሪያ ላዩ ላይ ያለው፣ ጋዙን ወደ ውጭ የሚለቀው ዓይነት ለመግጠም ቀላል ነው፤ ወደ አየር መግቢያው የሚመለስ ዘይትም አይኖርም። ለመንገድ መኪና ግን አንመክረውም። ሽታው በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ጋቢና ይገባል። ማጣሪያው ሲረጥብ ዘይት ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ ትኩስ ቱርቦ ካለ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ብዙ አገሮችም በልቀት ሕግ ይከለክሉታል። የባሰው ስህተት ግን ሌላ ነው፦ መተንፈሻውን ወደ አየር ከፍቶ ፒሲቪውን ከማኒፎልድ ጋር እንደተገናኘ መተው። በሚኒሞ ጊዜ በአየር መለኪያው ያላለፈ አየር በማጣሪያው ገብቶ በሞተሩ ሆድ በኩል ወደ ማኒፎልድ ይሳባል፤ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሚኒሞው ይዋዥቃል፣ የሞተር መብራትም ሊበራ ይችላል።

ጋዙን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ዓይነት የሞተሩን ሆድ በስሱ የሚስበውን ቫኪዩም ይጠብቃል። ይህ ስበት ውሃና ነዳጅ ከዘይቱ እንዲወጣ፣ የዘይት ማገጃ ጎማዎቹም እንዳያፈሱ ያግዛል። የውድድር ትራክ ላይ ብቻ የሚሮጥ መኪና ካልሆነ በቀር ምርጫው ይህ ነው።

አንድ መውጫ ወይስ ሁለት

ባለ አንድ መግቢያና አንድ መውጫ ጣሳ አንዱን መንገድ ይይዛል። ችግርዎ ኢንተርኩለር ውስጥ ያለ ዘይት ከሆነ በመተንፈሻው ቱቦ ላይ ይገጠማል፤ ቫልቭ ላይ የሚጋገር ካርቦን ከሆነ በፒሲቪው መስመር ላይ። በፒሲቪው መስመር ከሆነ ቦታውን በጥንቃቄ ይምረጡ። ጣሳው በፒሲቪ ቫልቩና በማኒፎልዱ መካከል ከገባ የቱርቦው ሙሉ ግፊት ጣሳው ውስጥ ይገባል፤ የክዳኑ ኦሪንግ ትንሽ ካፈሰ ግፊት ይጠፋል። በሞተሩና በፒሲቪ ቫልቩ መካከል ሲገባ ግን ቫልቩ ራሱ ከግፊቱ ይጠብቀዋል። የመኪናው አሠራር ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ከማኒፎልዱ አጠገብ የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ይጨመር።

ባለ ሁለት መውጫው ጣሳ ከሞተሩ አንድ መግቢያ ይቀበላል፤ አንዱ መውጫ ወደ ማኒፎልድ፣ ሌላው ወደ ቱርቦው አየር መግቢያ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ አለው። ሁለቱም ቫልቮች ከጣሳው ወደ ውጭ ብቻ ማሳለፍ አለባቸው፤ ከመግጠምዎ በፊት በአፍ ነፍተው ይፈትኗቸው። ቀጥታ ለሚረጭ ሞተር ተጨማሪ ወጪው የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ቱርቦው ሲገፋም ሞተሩ ሲያርፍም ጋዙ በጣሳው ያልፋል። ፒሲቪ ቫልቩን አውጥቶ በባዶ ቱቦ መተካት ግን አይሞከር። ፍሰቱን የሚገድበው እሱ ነው፤ ካልኖረ ሚኒሞ ላይ ያለው ሙሉ ቫኪዩም ዘይቱን ከሞተሩ ይመጠዋል።

ዘይት መላሽ

ይህኛው የለየውን ዘይት ወደ ሞተሩ ኮፓ (ከሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ይመልሳል፤ የተሻሉት በራዲያተር ውሃ ይሞቃሉ። ማሞቁ ውሃው ጣሳው ውስጥ ጤዛ ሆኖ ወደ ዘይቱ እንዳይመለስ ነው። በትራክ ላይ ረጅም ጠመዝማዛ ለሚነዱ፣ በተለይ ዘይቱ ወደ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ለሚሸሽበት የሱባሩ ጠፍጣፋ ሞተር፣ ከሁሉም ይሻላል። ጉዳቱ የውሃ መስመር መቆረጡና የመገጣጠሚያ ብዛት ነው። የማይሞቅ ዘይት መላሽ አጭር አጭር ጉዞ ለሚሄድ መኪና አይገዛም፦ ውሃና ቤንዚን የተቀላቀለበትን ነጭ ዝቃጭ መልሶ ለሞተሩ ያጠጣዋል።

ናፍጣ ቱርቦ ላይ

ብዙ ናፍጣ ሞተሮች የማኒፎልድ ቫኪዩም ስለሌላቸው መንገዱ አንድ ነው፤ ባለ አንድ መውጫ ጣሳ ይበቃል። እንደ ማንሁመል ፕሮቬንት 200 ያለው የሚቀየር ማጣሪያ አለው፤ ማጣሪያው ቢደፈን ግፊቱን የሚያስተነፍስ ቫልቭም አለው። ይህ ቫልቭ የሌለውን፣ ጥቅጥቅ ያለ ማጣሪያ የያዘ ጣሳ አይግዙ።

ቱቦና አገጣጠም

ጥሩ ጣሳ በመጥፎ ቱቦ ይበላሻል። ተራ የራዲያተር ቱቦ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በቫኪዩም ይጣበቃል። ዘይት የሚችል ናይትራይል ጎማ፣ ወይም ውስጡ በፍሎሮ ጎማ የተለበጠ ይጠይቁ። የውስጥ ስፋቱ ከፋብሪካው ቱቦ መጥበብ የለበትም፤ በአብዛኛው ከ16 እስከ 19 ሚሊ ሜትር ነው። ቱቦው መሃል ላይ ረግቦ ሆድ ከሠራ ፈሳሽ ተጠራቅሞ መንገዱን ይዘጋል። ጣሳውን ከቱርቦውና ከጭስ ማኒፎልዱ አርቀው ቀጥ አድርገው በጠንካራ ብረት ይሰሩት። ፋሸታዎቹን አጥብቀው ሞተሩን በሚኒሞ ያስነሱ፤ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ቀጭን ወረቀት ቀዳዳው ላይ ያስቀምጡ። ወረቀቱ በቀስታ መሳብ አለበት። ወደ ላይ ከተገፋ ቱቦ ተገላብጧል ወይም ተዘግቷል፤ በዚህ ሁኔታ መንዳት የዘይት መለኪያውን ያስወጣል፣ የኋላውን የዘይት ማገጃ ጎማ ያስፈሳል፣ የቱርቦውም ዘይት ወደ ኮፓው መውረድ ተስኖት በሰማያዊ ጭስ ይወጣል።

መጀመሪያ በ500 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በ1,000 ከፍተው ይዩ። የተጠራቀመውን አይተው የማፍሰሻ ልማድዎን ይወስኑ፤ ቢያንስ በየዘይት ቅያሪው ይፈስሳል። ውርጭ ባለበት ቦታ ግን ውሃው ጣሳውና ቱቦው ውስጥ በረዶ ሆኖ መንገዱን ስለሚደፍን በየሳምንቱ ይታይ። የሚወጣው ፈሳሽ ቡናማ ወተት ቢመስል አይደንግጡ፤ ውሃ የተቀላቀለው ዘይት ነው። ወደ ሞተሩ አይመለስም፤ ከተቃጠለ ዘይት ጋር ይወገዳል።