ፋፍሳ ሞልቼ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገባሁ፦ ለፎርሙ ስምንት፣ ለቢሮው አራት

ፋፍሳ ማለት የአሜሪካ መንግሥት ለኮሌጅ ተማሪ የሚሰጠውን የገንዘብ ድጋፍ ለመጠየቅ የሚሞላ ፎርም ነው። ገምግሚው ብትሉኝ ከአሥር ስምንት እሰጠዋለሁ። የኮሌጄን የፋይናንሻል ኤይድ (የገንዘብ ድጋፍ) ቢሮ ግን ከአራት በላይ ብሰጠው ህሊናዬ አይፈቅድም። አራቱም ቢሆን አብዛኛው የአንዲት ሠራተኛ ነው። እሷ ጋ እደርሳለሁ።

በዲቪ የመጣሁ፣ ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አሜሪካ ውስጥ አረጋውያን የምንከባከብ ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት ነኝ። ነርስ መሆን ፈለግኩ። እቁቤ እስኪደርሰኝ ብጠብቅ ደግሞ ልጆቼ ቀድመውኝ ይመረቃሉ። ስለዚህ ፋፍሳ።

መጀመሪያ ስለ ዋጋው። አንድ ታክስ የሚሠራ ሰው «መቶ ሃምሳ ዶላር አምጪና እኔ ልሙላልሽ» አለኝ። ፋፍሳ ነፃ ነው። ስቱደንትኤይድ ዶት ጎቭ ላይ ገብታችሁ ራሳችሁ ትሞሉታላችሁ፣ አምስት ሳንቲም አትከፍሉም። ገንዘቡ ይቅር፣ የሚከፍቱላችሁ አካውንት እኮ ፊርማችሁ ነው። የትምህርት ብድር ሳይቀር የሚፈረመው በእሱ ነው። የይለፍ ቃሉን ለሰው መስጠት ባዶ ቼክ ፈርሞ እንደማስቀመጥ ነው።

ፎርሙ ድሮ ከመቶ በላይ ጥያቄ ነበረው። ከ2024–25 ጀምሮ አሳጥረውታል። በዚያ ዓመት የሞሉት ሰዎች ግን አሳራቸውን ነው ያዩት፤ በጥቅምት መከፈት የነበረበት ፎርም 2023 ሊያልቅ ሲል ነው የተከፈተው። እኔ የሞላሁት የ2025–26ቱን ነው፣ እሱ ሰላም ነበር። የታክስ መረጃውን ከአይአርኤስ፣ ከግብር መሥሪያ ቤቱ፣ በቀጥታ ይስበዋል። የእናንተ ሥራ መፍቀድ ብቻ ነው። ካልፈቀዳችሁ ግን የፌዴራል ድጋፍ የሚባል ነገር የለም፣ በአጭሩ።

ለእኛ ሰው የሚያስቸግረው ስም ነው። የአባቴ ስም እንደ ኃይለ ሚካኤል ሁለት ቃል ነው። ሶሻል ካርዴ (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬ ያለበት ካርድ) ላይ ተለያይቶ ተጽፏል፣ መንጃ ፈቃዴ ላይ ተጣብቋል። ሲስተሙ የሚያመሳክረው ከሶሻል ሴኩሪቲ ጋር ስለሆነ ካርዱን ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ እንዳለ ገልብጡት። ክፍተቱንም ጭምር።

ባለቤቴና እኔ ታክስ የምንሠራው አብረን ስለሆነ እሱ ለብቻው አካውንት መክፈት አላስፈለገውም። ለየብቻ ለሚያስገቡ ባለትዳሮች ግን የትዳር ጓደኛም ገብቶ መፍቀድ አለበት። 24 ዓመት ያልሞላቸው፣ ያላገቡና ልጅ የሌላቸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከነወላጆቻቸው ነው የሚሞሉት። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል። ይህን የማያውቅ ብዙ ሰው አጋጥሞኛል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ባለቤቴም አብሮኝ ሊማር አስቦ ነበር። እሱ ግን ከአገር ቤት ዲግሪ ይዞ ነው የመጣው። ፔል ግራንት፣ ማለትም የማይመለሰው ገንዘብ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው አይሰጥም። ዲግሪው ከየትም አገር ይሁን። እዚህ አንድ ቀጣሪ ዞር ብሎ ያላየው ዲግሪ፣ ፔል ለመከልከል ሲሆን ዲግሪ ሆነ! «የለኝም በል፣ ማን ያውቃል» ያሉት አልጠፉም። የፌዴራል ማመልከቻ ላይ መዋሸት ወንጀል ነው፣ እኛም አላደረግነውም። ለብድር ግን ዲግሪ ያለውም ማመልከት ይችላል።

ስትጨርሱ ኤስኤአይ የምትባል፣ የቤተሰባችሁን አቅም የምትለካ ቁጥር ትመጣለች። ባነሰች ቁጥር ለእናንተ ጥሩ ነው። ከዜሮም በታች እስከ -1,500 ትወርዳለች። የእኔ ከፍ አለች። ምክንያቱም የ2025–26 ፎርም የሚያየው የ2023ን ታክስ ነው። በ2023 ባለቤቴ ትራክ ይነዳ ነበር፣ ትንሿ ልጄም አልተወለደችም። በ2024 ልጅቷ መጣች፣ እሱም ወገቡን ታሞ ሥራ አቆመ። ፎርሙ የሚያውቀው ደህና ደመወዝ ያለውን የሦስት ሰው ቤተሰብ ነው። ቤቴ ያለው በእኔ ደመወዝ የሚያድር የአራት ሰው ቤተሰብ ነው።

የቤተሰቡን ቁጥር ፎርሙ ላይ ራሱ ማስተካከል ይቻላል፣ አስተካከልኩ። ገቢውን ግን አይቻልም። ለዚህ ነው ቢሮው የሚያስፈልገው። «ስፔሻል ሰርከምስታንስ» (ልዩ ሁኔታ) ብላችሁ ስትጠይቁ፣ ማስረጃችሁን አይተው ቁጥሩን እንደገና እንዲያሰሉ ሕግ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። የሚወስነው ኮሌጁ ነው፣ ይግባኝ የሚባልበት ሌላ ቦታ የለም። ማንም አይነግራችሁም እንጂ ሥራ ያጣ፣ የተፋታ፣ የታመመ ሁሉ መጠየቅ ይችላል።

እና ጠየቅኩ። መጀመሪያ ለቬሪፊኬሽን፣ ማለትም የሞላሁት እውነት መሆኑን ለማጣራት፣ ተመረጥኩ ተባለ። የቤተሰቤን ዝርዝር ፈርሜ ፖርታላቸው (የተማሪ ድረ ገጻቸው) ላይ ጫንኩ። ፖርታሉ «ይጎድላል» ይላል፣ በቀይ። እንደገና ጫንኩ። አሁንም ቀይ። ስልክ ስደውል ሙዚቃ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ልጅ ቀና ሳይል «ኢሜይል ላኪ» አለኝ። ላክኩ። ማሽን መለሰልኝ፣ ሥራ በዝቶባቸዋል አሉ። እኔስ የሌሊት ሺፍት ጨርሼ ነው እኮ እዚያ የቆምኩት። በዚህ መሃል የክፍያው ቀን ደረሰ። ካልከፈልሽ ከክላስ ትሰረዣለሽ የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ፣ እሱ እንኳን በሰዓቱ ነው የመጣው።

ያቺ ሠራተኛ ያኔ ነው ብቅ ያለችው። ወረቀቶቼን ተቀብላ እዚያው ስካን አደረገች። ፖርታሉን ከፍታ «ፋይሉ ገብቷል፣ የከፈተው ሰው የለም» አለች፣ ሳታፍር። ከክላስ እንዳልሰረዝ አካውንቴ ላይ ማስታወሻ አስገባች። ከዚያ የባለቤቴን የመጨረሻ ፔይ ስተብ (የደመወዝ ወረቀት)፣ ከቀጣሪው ሥራ ማቆሙን የሚገልጽ ደብዳቤና የሐኪም ወረቀት አምጪ አለችኝ። በትንሽ ወረቀት ላይ በእጇ ጻፈችልኝ። የቢሮው ድረ ገጽ በገጾች ያልነገረኝን በሦስት መስመር።

ቁጥሬ ወረደ፣ ሙሉ ፔል ተፈቀደልኝ። የ2025–26 ጣሪያ 7,395 ዶላር ነው። ጣሪያ ነው ያልኩት፣ የሚሰጣችሁ በምትወስዱት ክሬዲት ልክ ነው። በሴሚስተር 12 ክሬዲት ሙሉውን ያስገኛል፣ 9 የወሰደ 75 ከመቶ፣ 6 የወሰደ ግማሹን። እኔ ሥራዬን ሳልለቅ 9 ወሰድኩ። ኮሌጁ የራሱን ከቆረጠ በኋላ ትራፊው ባንኬ ገባ። መጽሐፍና ቤንዚን ሆነ።

ፖርታሉ ላይ ከፔሉ ሥር ብድርም ተደርድሮ ይመጣል፣ «ሁሉንም ተቀበል» ከሚል ቁልፍ ጋር። ቀስ በሉ። አንዱ ብድር እየተማራችሁ ወለዱን መንግሥት ይከፍልላችኋል፣ ሌላኛው ከተሰጣችሁ ቀን ጀምሮ ይወልዳል። የማትፈልጉትን አልቀበልም ማለት መብታችሁ ነው። እኔ ፔሉን ብቻ ወሰድኩ። ሴሚስተሩ 60 ከመቶ ሳይደርስ ትምህርቱን በሙሉ ያቋረጠ ሰው ደግሞ ከተሰጠው ከፊሉን መልስ ሊባል ይችላል። ከማቋረጣችሁ በፊት ቢሮውን ጠይቁ። ኢሜይል ላኩ ቢሏችሁም ቁጭ በሉ።

ፋፍሳ በየዓመቱ ይሞላል። የ2026–27ቱን አስገብቻለሁ። እሱ ደግሞ የ2024ን ታክስ ነው የሚያየው፣ ባለቤቴ ግማሹን ዓመት የሠራበትን። ስለዚህ የሐኪሙን ደብዳቤ አልጣልኩትም። ያቺ ሠራተኛ የምትገባባቸውን ቀናትም ጠይቄ ስልኬ ላይ መዝግቤያለሁ።