ፈረስ ላላችሁ የእንጅባራና አካባቢዋ ሰዎች፦ እኚህን ገሪ እወቋቸው

ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለማመስገን ነው። ቀጥሎ ደግሞ አዊ ውስጥ ፈረስ ኖሯችሁ «አስቸገረኝ» ለምትሉ ሁሉ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። ስሜን እንዳትጽፍ ብለው አደራ ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ከእንጅባራ ትንሽ ወጣ ብለው ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈረስ ሲገሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

ፈረሴ ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። አጎቴ ነው የሰጠኝ። ሲጋልብ ያየው ሁሉ «ይሄማ ያለቀለት ነው» ይላል። ጣጣው ያለው ከመጋለቡ በፊትና በኋላ ነው። እርካብ ስትረግጥ ጥሎህ ይሄዳል። ዛቡን (የልጓሙን ማሰሪያ) ስትስብ አንገቱን ሰቅሎ ጭራሽ ይብስበታል። ከሌሎች ፈረሶች ለይተህ ልውሰድህ ካልከው እዚያው ይሽከረከራል። ባጃጅ ካየማ ተዉት። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል፤ የኔው ግን ማድረሱም ያጠራጥር ነበር።

ከጋሼ በፊት ሌላ ሰው ይዞት ነበር። ዘዴው ማድከም ነው። እርሻ ላይ ያስሮጠውና ላብ በላብ ሲሆን ይቀመጥበታል። ፈረሱም እውነት ለመናገር ዝም አለ። ዕረፍት ሲያገኝ ግን አመሉ ተመለሰ። ያውም አሁን አለንጋ ሲያይ የሚንቀጠቀጥ ሆኖ።

ጋሼ ዘንድ ስወስደው ወዲያው ይቀመጡበታል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ኮርቻውን ገልብጠው ማየት ጀመሩ። ከዚያ ጀርባውን በጣታቸው እየተጫኑ ወረዱ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ፈረሱ ወገቡን ዝቅ አደረገ። «ይሄ አመል አይደለም፣ ሕመም ነው» አሉኝ። ኮርቻ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ ነው ማረፍ ያለበት፤ መሃሉ አየር ማሳለፍ አለበት። የኔው ኮርቻ አጥንቱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ኮርቻው እስኪስተካከልና ጀርባው እስኪድን ድረስ ማንም እንዳይወጣበት ከለከሉ።

ጥርሱንም አዩ። ፈረስ የፊት የወተት ጥርሱን ከመሃል ጀምሮ ጥንድ በጥንድ ይቀይራል፤ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ይጨርሳል። የኔው ጨርሷል። እዚያው እያለሁ አንድ ሰው የሚያምር ውርንጭላ ይዞ መጣ። የቀየረው የመሃሎቹን ሁለት ብቻ ነበር። ጋሼ «ለከርሞ አምጣው» ብለው መለሱት። የጀርባ አጥንቱ ገና አልጠናም፤ ቁመቱ አያታልልህ አሉት። ገንዘብ ይዞ የመጣን ሰው እንዲህ ሲመልሱ ሳይ ነው ልቤ ያረፈው።

ከዚያ ሳይቀመጡበት፣ መሬት ላይ ቆመው የሚያሠለጥኑት ሥራ ተጀመረ። ገመዱን ቀስ አድርገው ይስቡና ይጠብቃሉ። ፈረሱ አንድ እርምጃ ሲሰጥ በዚያችው ቅጽበት ያላላሉ። ትምህርቱ ያለው መሳቡ ላይ ሳይሆን ማላላቱ ላይ ነው። ዘግይተህ ካላላህ ትክክለኛው ሥራው የትኛው እንደነበር አይገባውም። በግራ በኩል ያሳዩትን ሁሉ ደግሞ በቀኝ እንደ አዲስ ያሳዩታል። የፈረስ ዓይን በጎንና በጎን ነው፤ ግንባሩ ሥርና ከጭራው ኋላ ያለው አይታየውም። ስለዚህ ሳይናገሩ ከኋላው አይመጡም።

የባጃጁን ነገር እንዴት እንደፈቱት ልንገራችሁ። የጎረቤት ልጅ ባጃጁን ሞተሩን አጥፍቶ ፈረሱ የሚግጥበት ሜዳ ዳር አቆመው። ፈረሱ ሲለምደው ሞተሩ ተነሳ። በመጨረሻ ባጃጁ ከፊት ቀስ እያለ ሲሄድ ፈረሱ ከኋላ እንዲከተለው ተደረገ። የሚፈራው ነገር እየሸሸው መሰለውና ደረቱን ነፋ! ሰፈሩ ሁሉ በሳቅ ሞተ።

ኮርቻ ከተጫነ በኋላ ለረጅም ጊዜ እርምጃ ብቻ ነበር። ሶምሶማው ዘግይቶ መጣ፣ ግልቢያው ከሁሉም መጨረሻ። ዘመድ አዝማዱ «መቼ ነው የሚያስሮጡት?» እያለ ሲጨቀጭቀኝ ለጋሼ ነገርኳቸው። «ማስሮጥማ ጅብም ያስሮጠዋል» አሉ።

የእሳቸው መለኪያ ሌላ ነው። ዛቡ ላልቶ ስትወጣበት ይቆማል ወይ? በባት ስትነካው ይሄዳል፣ ወገብህን አጽንተህ ዛቡን ትንሽ ስትይዝ ይቆማል ወይ? ወደ ግራም ወደ ቀኝም እኩል ይዞራል ወይ? ጓደኞቹን ትቶ ብቻውን ይወጣል ወይ? ከጋለበ በኋላ ወደ እርምጃ ተመልሶ ትንፋሹ ይረጋል ወይ? ይህን ሁሉ ለእሳቸው ብቻ ሳይሆን ለሌላም ሰው ሲያደርግ ነው ተገራ የሚሉት። የኔውን ያስረከቡኝ እህቴ ተቀምጣበት ገበያ ደርሳ ከተመለሰች በኋላ ነው።

ባለቤቱንም ሳያሰለጥኑ አይለቁም። የኛ አገር ልጓም አገጩን የሚዞር ቀለበት ስላለው ኃይለኛ ነው። እጅህ ትንሽ ስትከብድ አፉ ላይ ብዙ ነው። ለዚህ ብቻ ሰፊ ጊዜ ሰጥተው አለማመዱኝ።

ዘንድሮ ጥር 23 እንጅባራ ሄድን። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ምን እንደሚመስል የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የፈረሱ ብዛት፣ ድምፅ ማጉያው፣ እልልታው። ዳማው ጆሮውን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ቆመ፣ እኔም ተረጋግቼ ተቀመጥኩ። ጉግስ ግን ጋሼ ዘንድሮ አይሆንም ብለው ስለነበር አልገባንም።

የማይመቻችሁ ነገርም አለ። ስልካቸው ብዙ ጊዜ አይነሳም። በበዓል ቀን አይሠሩም፤ እሳቸው ዘንድ ደግሞ በዓሉ ብዙ ነው። ክፍያው በወር ነው፣ ገብሱን ባለቤቱ ያቀርባል። ርካሽ አይደሉም። በታኅሣሥ አምጥታችሁ «ለጥር አድርሱልኝ» ብትሉ አይቀበሉም። ክረምቱ ወጣ ሲል በመስከረም ሞክሩ።

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ኮርቻችሁን አትርሱ፤ ከፈረሱ በፊት የሚያዩት እሱን ነው።